ሦስት ድንጋይ የተጫነበት ጉድጓድ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ጥቅምት 9

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ሱአድ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? አካም ጂርታ፣ ነጋ ዳ፣ ፈያ ዳ፤ አምስት ዓመት እዚህ ኖሬ ያጠራቀምኩትን ሰላምታ ሁሉ በአንድ ላይ ተቀበይኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ንዴቴን ካልቆጠርሽብኝ።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ወር አልፎታል፤ ሰው ሁሉ እስክሪብቶ ፍለጋ ወጥቷል። የሾፌሩ የደረሳ አውቶቡስ ወደ እናንተ ኑኑ ቁምባ ከተሳፋሪ ይልቅ ደብዳቤ ይጭናል አሉ። ደረሳ ፖስታውን ሁሉ ወደ ፀሐይ አንስቶ እንደሚያይ ስለማውቅ፣ ለእሱም ከዚሁ ሰላምታዬ ይድረሰው።

«አንቺ የጎጃም ልጅ፣ ባዮሎጂሽን አስተምረሽ ቤትሽ አትገቢም? ጅረት ማጽዳት ምን አገባሽ?» ላልሽው፣ ያገባኛል። በእኔ ኪራይ ቤትና በእናትሽ ጓሮ መካከል የሚሄደው ውሃ እኮ ዱሮ አንቺ የዋኘሽበት ነው። ዛሬ እግርሽን ብታስገቢ ምን ይዞ እንደሚወጣ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አንዲት አንገቷ በወርቅ የተሞላ ሴትዮ ዳይፐር በፌስታል ቋጥራ ከድልድዩ ላይ ስትወረውር እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። «እመቤቴ፣ ይኼ ውሃ እኮ ሰው ይጠቀምበታል» ብላት፣ «ታዲያ ወደ ታች አይደል የሚሄደው?» አለችኝ። ወደ ታች። ታች ሰው የሌለ ይመስል።

ስለዚህ የጽዳት ዘመቻ ጠርቻለሁ፤ ዛሬ ሳምንት፣ ጥቅምት 16 ነው። ኮሚቴም አለን። ሊቀመንበሩን ኦቦ ጂሬኛን ታውቂዋለሽ፤ ሠርግ ላይ መጀመሪያ የሚነሳ፣ መጨረሻ የሚቀመጥ። አራት ጊዜ ተሰብስበን የወሰንነው ሁለት ነገር ነው፤ የቲሸርቱ ቀለምና ባነሩ ላይ የሚጻፈው። «አካፋውንና ማዳበሪያውን ማን ያመጣል?» ብል «እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ መምህርት» አለኝ።

እናትሽ ደህና ናቸው። ሁለተኛው ወረቀት የእሳቸው ነው። እንደወትሮው እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ፤ «አንድ ቃል እንዳትጥዪ» ብለው ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ስለ ዘመቻው ስነግራቸው «ደጄን ጥረጉልኝ እንጂ ሻዩ የኔ ነው» አሉ።

ስለ ሆድሽ አትጠይቂ ብለሽኛል። ይኸው አልጠየቅኩም።

ያንቺው ማስተዋል


ኑኑ ቁምባ
ጥቅምት 13

ማስቲ፣ የኔ ተቆጪ፣

አካም ጂርታ? እኔ አልሐምዱሊላህ። ስላልጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ፤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የምታውቁት ባለቤቴ፣ እናቴና አንቺ ብቻ ናችሁ። አማቴ እንኳ የምታየው ሆዴን ነው እንጂ ከእኔ አፍ አልሰማችም። አራት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ «ምነው?» ስትለኝ የኖረች ሴት ትንሽ ትጠብቅ።

እዚህ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ስሰጥ የምውለው ለማን መሰለሽ? ከላይ የተጣለውን ከታች ለሚጠጣው። ስለዚህ በርቺ፣ ጂሬኛንም አትልቀቂው። ቲሸርት የሚለብስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አንድ ማዳበሪያ ይሙላ በይው።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ክረምት ላይ ጎርፉ የእናቴን የታች አጥር ጠርጎት ሄደ ብለሽኝ ነበር። እንግዲያው አሁን ጓሮዋና የጅረቱ ዳር አይለይም ማለት ነው። እንሰቱ አጠገብ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ የተጫነበት ቦታ አለ። ማንም እንዳይነካው። ሥሩ ያለው ቆጮ ነው፤ የኔ ነው። በተሞሸርኩ ሳምንት እናቴ ሁለት ቀን ፍቃ ቀበረችው፤ መሀሉ ላይ ቡላውን ለብቻ ጠቅልላ፣ «ለመጀመሪያ አራስነትሽ ገንፎ» ብላ። አንቺ ያኔ ለክረምቱ ጎጃም ሄደሽ ነበር። በየዓመቱ ድንጋዩን አንስታ የኮባ ቅጠሉን በአዲስ ትቀይርለታለች። አራት ጊዜ ቀይራለች። አራት ዓመት እኔ ምንም ሳልይዝ እሷ ቅጠል ቀየረች፤ አንድም ቀን ስለዚህ አንስታብኝ አታውቅም።

ሲከፈት ይሸታል። አንቺ ቤታችን የበላሽው ተጋግሮ ስለሆነ ጉድጓዱን አታውቂውም፤ ለዚያ ነው የምነግርሽ። ለሚያጸዱት ልጆች ንገሪያቸው፤ አደራ።

ሱአድ


ነቀምቴ
ጥቅምት 17

ውድ ሱአድ፣

ደብዳቤሽ ገና አልደረሰኝም። የደረሳ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተሰብሮ ቆሟል አሉ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ይህን ወደዚያ በሚሄድ የጭነት መኪና ልኬልሻለሁ። እጄ እስካሁን ይሸታል፣ ጉልበቴ አይታጠፍም፣ ደስ ብሎኛል፣ ተናድጃለሁም።

አርባ ሰው መጣ፣ ሱአድ። አርባ። ቲሸርቱ አልመጣም፣ ባነሩ ግን መጣ። ኦቦ ጂሬኛ በሁለት ቋንቋ ንግግር አደረገ፣ አንድ የውሃ ፕላስቲክ በሁለት ጣቱ አንስቶ ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያ ፕላስቲኩን መልሶ እዚያው አስቀመጠው። እንዳላየሁ ሆንኩ። ለሰው አካፋና ማዳበሪያ ያዳረስኩት እኔ ነኝ፤ ከተማሪዎቼ ቤት ለምኜ። ከድልድዩ ጀምረን እስከ እናትሽ ጓሮ ድረስ ወረድን። ጫማ፣ ፌስታል፣ የፍራሽ ስፖንጅ፣ አንድ ሙሉ የሽንት ቤት መቀመጫ። በጎ ፈቃደኛ አይሱዙ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መጥቶ ጭኖ ወሰደው።

ከሁሉ ያናደደኝን ግን ልንገርሽ። ከእናትሽ ቤት በታች፣ እንሰቱ አጠገብ፣ አንዱ ጉድጓድ ቆፍሮ ሦስት ድንጋይ ጭኖበታል። ድንጋዩን ስናነሳ የጠቆረ ቅጠል፤ ቅጠሉን ስንገልጥ ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። እኔ ተማሪዎቼ ፊት አልሸሽም ብዬ ገባሁበት፤ በአካፋ፣ አካፋው ሲያዳልጠኝ በእጄ፣ እስከ ክርኔ። መሀሉ ላይ ለብቻው የተጠቀለለም ነበር። እሱንም ቆሻሻው ክምር ላይ ወረወርኩት።

ደሜ ፈልቶ ነበር። ቀና ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ይኼን ከሰው ውሃ አጠገብ የቀበረ ሰው፣ ሰው ነው? ከቆሻሻው ይልቅ የሚያስጠላው ይኼን የሚያደርገው ነው። ከሰው ጋር መኖር አይገባውም» አልኩ። ሁሉም ጸጥ አለ። መልእክቱ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ።

እናትሽ ዳር ቆመው ሻይ እየቀዱ ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ ይቀዳሉ። «እትዬ፣ ፈሰሰ እኮ» አልኳቸው። «ይፍሰስ» አሉኝ። ደክሟቸዋል መሰለኝ፤ ማታ ለአንቺ እንጻፍ ብላቸው «ዛሬ ይቅር» አሉ።

ያንቺው ማስተዋል


ኑኑ ቁምባ
ጥቅምት 23

ለመምህርት ማስተዋል፣

ሰላምታ የለኝም።

ይሄኔ የጥቅምት 13ቱ ደብዳቤዬ ደርሶሻል። ደርሶሽም ዝም ብለሻል። ስለዚህ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ፣ መሀሉ ላይ የተጠቀለለው ምን እንደነበር አልደግምልሽም። ስለ ምግቡ አይደለም የምጽፍልሽ። ምግብ ይገኛል።

«ከሰው ጋር መኖር አይገባውም» ያልሽው ለእናቴ ነው። ከአገሯ መጥታ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኖረችበት ሰፈር፣ በገዛ ጓሮዋ፣ ሻይ እየቀዳችልሽ። አርባ ሰው ፊት።

እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው «ቆጮ መጣች» ይሉኝ ነበር። ለምሳ የያዝኩትን ከጀርባዬ ደብቄ በልቻለሁ። እናቴ ጉድጓዷን ከቤቱ አርቃ ታች የቆፈረችው ከዚያ ሽሽት ነው፤ ሰው እንዳይሸተው፣ ሰው እንዳይናገራት። አንቺ ወርደሽ እዚያ አገኘሻት። የሰፈሩ ልጅ የዱሮውን ቢያደርግ ባልገረመኝ። አንቺ ግን እቤታችን አምስት ዓመት የበላሽ ነሽ። «የእትዬ ኑሪያ ቆጮ ነፍስ ያድሳል» ብለሽ ለእናትሽ ጎጃም ድረስ የላክሽ ነሽ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እናቴ አታነብም፣ አትጽፍም። ስልክ የለም። ላናግራት ብል በአንቺ እጅ ነው፤ ብትመልስልኝ በአንቺ እጅ ነው። ብታለቅስ እንኳ የምሰማው አንቺ ከጻፍሽው ነው። መንገዱ በዚህ ሆዴ አያስወጣኝም።

እሷ ዘንድ እንዳትሄጂ። ይቅርታሽንም አትላኪልኝ።

ሱአድ


ነቀምቴ
ጥቅምት 30

ሱአድ፣

ይቅርታ አትላኪ ብለሽኛል፤ ስለዚህ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ደብዳቤሽን ጥቅምት 19 ቀን መናኸሪያ ቆሜ አነበብኩት። ደረሳ ሦስት ቀን መንገድ ላይ መቆሙን እየነገረኝ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ትቶኝ ሄደ። እስክትጽፊልኝ ድረስ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዚያው ቀን አይሱዙው ጭኖ ወደ ወሰደበት ቦታ ሄድኩ። ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወስደዋል ብለን ነበር። ሾፌሩ ነዳጅ ቆጥቦ ወደ ኡኬ በሚወስደው መንገድ ዳር ገልብጦት ሄዷል። የእኛን ዳር አጽድተን የሌላውን ሰው ዳር አቆሸሽን ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያች ባለወርቅ ሴትዮ ወደ ታች ጣልኩ። በእንጨት ስቆፍር ዋልኩ። ውሾች ቀድመውኛል። ያገኘሁት ቁራጭ ኮባ ነው።

እናትሽ ዘንድ አትሂጂ ብለሽኛል፤ ሄጃለሁ። ሦስት ጠዋት። ሱቃቸው በር ላይ «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳቸው። «ምን ልስጥሽ?» አሉኝ። አንድ ኪሎ ስኳር አልኩ። መዝነው ሰጡኝ። «ሌላስ?» አሉ፣ ስሜን እንደማያውቁ። አሁን ቤቴ ሦስት ኪሎ ስኳር አለ።

እንግዲህ መናደድም ካልከለከልሽኝ፣ ተናድጃለሁ። በእኔ ነው መጀመሪያ። በኛ አገር እንሰት ዳቦ የሚጠቀለልበት ቅጠል ነው፤ አምስት ዓመት ቆጮ ስበላ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን አልጠየቅኩም፣ ባዮሎጂ የማስተምር ሴት። ቀጥሎ በእናትሽ ነው። አንድ ቃል፣ ሱአድ። «የኔ ነው» ቢሉኝ አካፋውን ጥዬ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። ለምን አላሉኝም?

ከሁሉም በጂሬኛ ነው። ቤቱ ሄጄ «ኦቦ ጂሬኛ፣ የቆጮ ጉድጓድ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልኩት። «ኤዬ፣ አውቃለሁ፤ እናቴም ትቀብር ነበር» አለኝ፣ ጥርሱን እየፋቀ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ብለው ምን አለ መሰለሽ? «መምህርት፣ አንቺ እንዲያ ስትቆጪ ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ ብቻ መሰልኩሽ? ግማሹ ሰው ያውቅ ነበር።»

ግማሹ ሰው ያውቅ ነበር። ጸጥታው እሱ ነበር።

ማስተዋል


ኑኑ ቁምባ
ኅዳር 5

ማስተዋል፣

ጂሬኛን ተዪልኝ፤ ከወለድኩ በኋላ መጥቼ እሱን እጨርሰዋለሁ።

ወረቀት ይዘሽ እናቴ ዘንድ ሂጂ። የምትለውን ጻፊ። ብትሰድብሽም ጻፊ፣ ብትሰድበኝም ጻፊ። አንድ ቃል እንዳትጥዪ። ለሷ ስትይ አታሳምሪው።

ሱአድ


ነቀምቴ
ኅዳር 15

ልጄ ሱአድ፣

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ? የምትጽፈው ያቺው ናት።

መጀመሪያ አንቺን ልቆጣ። ጉድጓዱን ታች የቆፈረችው ሰው ፈርታ ነው ብለሽ ጽፈሻል። አስነብቤያታለሁ። ማን ነገረሽ? ታች የቆፈርኩት እንሰቱ ታች ስለሆነ ነው፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ ሽቅብ የሚወጣ ማን ነው? በቆጮዬ አፍሬ አላውቅም። ምሳሽን ከጀርባሽ ደብቀሽ መብላትሽን ዛሬ ነው የሰማሁት። ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቼ ለሁሉም አበላቸው ነበር።

አሁን ወደዚህችኛዋ። ለምን ዝም አሉ ትላለች፤ አንቺም ትያለሽ። አንዳችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም። እሷ ይቅርታ ይዛ መጣች፣ ስኳር ገዝታ ሄደች። አንቺ ንዴትሽን ለእሷ ላክሽ። እኔ መሀል ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ስኖር ያን ዳር ለማጽዳት ሰው ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሷ ያን ሁሉ ከተናገረች በኋላ «የኔ ነው» ብል፣ አርባ ሰው አካፋውን ጥሎ እኔን ያይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከድልድዩ የሚወረወረው ዳይፐር ሁሉ የኑሪያ ነው ይባል ነበር። ሰዉ ጥፋተኛውን አገኘሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔ ሥራው እንዲያልቅ ፈለግኩ። ስለዚህ ሻይ ቀዳሁ።

ተናደድሽ ወይ ካልሽኝ፣ ጻፊ፣ ተናድጃለሁ። አራት ዓመት ሰው በሱቄ በር እያለፈ «ያቺ ልጅሽ ምነው?» ይለኝ ነበር። አንድም ቀን አልመለስኩም። ወደ ጓሮ ወርጄ ሦስቱን ድንጋይ አይቼ እመለሳለሁ። ድንጋዩ ካለ ነገሩ አለ እል ነበር። ይህቺ አውጥታ የጣለችው እሱን ነው። ጻፍሽው? አንብቢልኝ። እ። ደግመሽ አንብቢው።

ሰኞ ዕለት ወረቀት ይዛ መጣች። ደግሞ ይቅርታ ልትል ነው ብዬ ሚዛኔን አነሳሁ። «እትዬ፣ ቡላው ከምኑ ነው የሚወጣው?» አለችኝ። አምስት ዓመት በልታ ያን ቀን ጠየቀች። ወረቀቱን አስቀምጪው፣ መጀመሪያ ሥራ፣ አልኳት። ሁለት እንሰት ቆርጠን ጣልን። ጣውላው ላይ አስቀመጥኳት፣ እግሯን ሰቅላ እንድትፍቅ። አትችልም። ግማሹን እቃጫው ላይ ታስቀረዋለች። ቀስ ብላ ትለምዳለች፤ ያገራችን ሴቶች መጥተው አዩዋት፣ እየሳቁባት እርሾ ሰጡኝ።

ትናንት ቅዳሜ አርባዎቹን መልሳ ጠራቻቸው። ሠላሳ አንዱ መጡ። ምን እንደጣለችና ምን እንዳለችኝ በራሷ አፍ ነገረቻቸው። ንግግሯ ሲረዝም አስቆምኳት፤ ሥራ ነበረብን። መጀመሪያ አጥሬን ሠሩ። ጉድጓዱን ጂሬኛ ብቻውን ቆፈረ፤ ፎቶ የሚያነሳው ሰው እንዳይኖር አድርጌ። አዲስ ኮባ አንጥፈን ሞላነው። እዚያ ኡኬ መንገድ ላይ ያፈሰሱትንም በሚመጣው ቅዳሜ ሄደው ያነሳሉ፤ እኔም ሻይ ይዤ እሄዳለሁ።

የአራት ዓመቱን አያህልም። አያህልም፤ እሷም ያህላል ብላ እንዳትጽፍ ከልክያታለሁ። ቡላው ግን ለጥር ይደርሳል። ደረሳ ከፊት ወንበር ያስቀምጥሽ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ መጥተሽ እዚህ ውለጂ። ከእሷ ጋር ተኳረፊ ወይም ታረቂ፣ የራስሽ ጉዳይ ነው። ገንፎውን ግን እሷ ናት የምታገነፋልሽ፤ ፈርጄባታለሁ።

ሦስቱ ድንጋይ ቦታቸው ተመልሰዋል። ዛሬ ጠዋት ወርጄ አየኋቸው።

ሌላ የለኝም። ጣውላውን ስታጸዳ ቆይታ ልትጽፍ ስትቀመጥ እጇን ልትታጠብ ነበር፤ ሳትታጠቢ ጻፊ አልኳት። ወረቀቱ ዳር ላይ ያለው ነጭ እድፍ የቆጮው ነው። ወረቀቱን አሽትቺው።

እናትሽ ኑሪያ